የሶፋ ሰሪው ተከራይ

ሚስማሮቹ አፉ ውስጥ ናቸው። ግራ እጁ ጨርቁን ወደ ታች ይወጥራል፤ ምላሱ አንዷን ሚስማር በጭንቅላቷ በኩል ገፋ አድርጎ ከከንፈሩ ጫፍ ያደርሳታል፤ ቀኝ እጁ ይቀበላትና ከእንጨቱ ላይ ያቆማታል፤ መዶሻው ኳ ይላል፣ አለቀ። ቀጥሎ ሌላዋ። ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ሚስማር የሚመታ ሳይሆን የሱፍ ፍሬ የሚፈለቅቅ ይመስለዋል። ሌሎቹ ሶፋ ሰሪዎች በአየር የሚተኩስ ማሽን ገዝተዋል። እሱ ግን «አፌ እያለልኝ ማሽን ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ይህን የሚለው ሚስማሩ ሲያልቅ ነው። ሚስማር አፉ ውስጥ ካለ አያወራም፣ አያስልም፣ አይስቅም። አባቱ ሥራውን ሲያስተምሩት መጀመሪያ ያስለመዱት ይህንኑ ነው፤ እድሜ ልኩን አንዲት ሚስማር ውጦ አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፣ ምቾት ነው የሚለው። ታናናሾቹ ጋሽ ምቾት ይሉታል። እሱ የሠራው ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ በቀላሉ አይነሳም፤ «እንግዳ ቶሎ እንዲሄድልህ ከፈለግህ ምቾት ጋ እንዳታሠራ» እየተባለ ይቀለድበታል። እሱም እንዲህ ሲሉት ደስ ይለዋል።

አሁን አሁን ግን በየመሃሉ መዶሻውን ያስቀምጥና ቀኝ ብሽሽቱን በመዳፉ ጫን ያደርጋል። ጫን አድርጎ ትንሽ ይቆያል፤ አንድ ነገር ተንሸራቶ ወደ ውስጥ የሚመለስ ይመስል ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ከዚያ መዶሻውን ያነሳል።

ነገሩ ሲጀምር ከለውዝ አይበልጥም ነበር። ከባድ ወንበር ሲያነሳ ብቅ ይላል፣ ሲተኛ ይጠፋል። እሱም ትቶት ኖረ። ለውዟ እንቁላል አከለች፣ እንቁላሏ ብርቱካን አከለች። ያኔ ሚስቱ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ሄርኒያ አለችው፣ ሰፈሩ ቡአ አለው፣ ዋርሳው፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ግን ተከራይ ብሎ ስም አወጣለት።

«የሆድዎ ግድግዳ እዚህ ጋ ሳስቷል አባቴ» ብላው ነበር ሐኪሟ። ገና ወጣት ናት፣ ስታወራ አትቸኩልም። «አንጀትዎ በቀዳዳው እየወጣ ነው። ይህ በመድኃኒት አይደፈንም፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚሰፋው። ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን። እስከዚያው ከባድ ነገር አያንሱ። ሳል ከያዘዎት ቶሎ ይታከሙ። ሽንት ቤትም ሲቀመጡ አያምጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ያስታውሱልኝ፤ ተኝተው አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረና ካመመዎት፣ ወደ ላይም ካለዎት፣ ያን ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ይምጡ። አንጀቱ ከታነቀ ደም ያጣል፣ ደም ካጣ ይሞታል። እሱ ከሞተ ደግሞ እርስዎም…»

ቀሪውን ሳትጨርስ ተወችው።

ባልየው ከክፍሉ ሲወጣ ያስታወሰው «እንደውላለን» የሚለውን ብቻ ነበር። ሚስቱ የያዘችው መጨረሻውን ነው፤ ሐኪሟ ያልጨረሰችውን ቃል ሳይቀር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ከወገቧ ቀና ብላ ትጠይቀዋለች።

«ገባ?»

«ገብቷል።»

«እውነትህን ነው?»

«ነይ ዳሺውና እመኚ።»

ትዳስሰዋለች። ከዚያ ትተኛለች።

ችግሩ ሳቁ ነበር። ምቾት ሲስቅ እንደ ሌላው ሰው በአፉ አይስቅም፤ ሳቁ ከሆዱ ግርጌ ተነስቶ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ነው የሚወጣው። እንደዚያ በሳቀ ቁጥር ተከራዩ አብሮ ይወጣል። ደግሞ ቤታቸው ሳቅ የሚጠፋበት ቤት አልነበረም። የሱቃቸው ግድግዳ ይኸው ዋርሳው ከሚሠራበት ፀጉር ቤት ጋር የተጋጠመ ነው። ይህ ፀጉር አስተካካይ በሁለት ደንበኞች መሃል ትንሽ ጊዜ ካገኘ፣ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ይላል።

«ዋርሳዬ፣ ተከራዩ እንዴት አደረ?»

«ማታ ገብቶ ጠዋት ወጣ።»

«እኛ ቤት ኪራይ ጭማሪ አለ በለው፣ ምናልባት ይለቃል።»

«አንተ ልጅ!» ትላለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። የሶፋውን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ እሱ የሚወጥረውና የሚመታው። «ሰውዬውን በሳቅ ልትገድለው ነው?»

«ምን አልኩ እትዬ? ሰላምታ እኮ ነው!»

«ያንተን ሰላምታ እናውቀዋለን። ሂድ፣ ደንበኛህ ይጠብቅሃል።»

«የምን ደንበኛ? አሁን የሄደው ሰውዬ ጭንቅላቱ እንደ ሰሃን ነው። ቁጭ አለና መስተዋቱን አይቶ አይቶ፣ "ከላይ እንዳትነካው፣ ዳር ዳሩን ብቻ" አይለኝ መሰለሽ?»

የምቾት ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሚስቱ ጣቷን ቀሰረች። «ሚስማር!»

እሱም ትእዛዙን ያውቀዋልና ከጣሳው ጭብጥ አድርጎ አፉን ሞላ። መላው እሱ ራሱ የዘየደው ነው። ሚስማሩ አፉ ውስጥ ሲገባ ሳቁ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፅ ግን የለም።

«እሺ፣ ቁም ነገር ላውራ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን እንደ ዳኛ አጨፍግጎ። «የሲሚንቶ ዋጋ…» ቁም ነገር ሲያወራ ግን ከቀልዱ የባሰ ያስቃል። በመጨረሻ እህቱ በጨርቅ ቁራጭ እያባረረች ታስወጣዋለች፣ በሩን ዘግታም እሷ ራሷ ፊቷን በልብሱ ሸፍና ትስቃለች።

ወራቱ እንዲህ ሄደ። ስልክ አልተደወለም። ሚስትየው ሆዱ እንዳይደርቅ ብላ ጠዋት ጠዋት ፓፓያ ታበላዋለች፤ እሱም «በዚህ ዓይነት ከመታከሜ በፊት እኔ ራሴ ፓፓያ አፈራለሁ» ይላል። ከባድ ነገር ሲመጣ አላፊ አግዳሚው ይጠራል። እየዋለ እያደረ ግን ተከራዩ ሲገባ ይዘገይ፣ ሲወጣ ይፈጥን ጀመር።

አንድ ቀን ምቾት ሸሚዙን ገልቦ መስታወት ፊት ቆመና ሆዱን በሐኪም ዓይን ሳይሆን በራሱ ዓይን አየው። ስፖንጅ ከቦታው እየሸሸ ያስቸገረው ሶፋ ምን ይደረጋል? በላስቲክ ይወጠራል፣ በቁልፍ ይያዛል። ይህን ማንም ሶፋ ሰሪ ያውቀዋል። ታዲያ ይኼ ከዚያ በምን ይለያል?

ከመቀመጫ ሥር የሚዘረጋውን ሰፊ ላስቲክ ቆረጠ። ከጠንካራው ስፖንጅ የመዳፍ ያህል ጠርቦ አለዘበው። ከአንድ ትዕዛዝ የተረፈ ጥቁር ቀይ ከፋይ ጨርቅ ነበርና አለበሰው፣ ጠርዙን በገመድ ሰፋው፣ መሃሉ ላይ ከከፋዩ ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ የለበሰ ቁልፍ ጠለቅ አድርጎ ሰፋ። ሲታጠቀው ቁጭ አለለት።

ሚስቱ አይታ ወገቧን ያዘች። «ለሆድህ ቁልፍ አደረግህለት?»

«ካላደረግሁለትማ ስፖንጁ ይሸሻል።»

«ሐኪሟን ጠይቀሃል?»

«ስትደውል እጠይቃታለሁ።»

ለጊዜው የሠራው ነገር ሠራ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጠዋት ተኝቶ፣ አንጀቱን መልሶ፣ ከዚያ ነበር የሚታጠቀው። ውሎ አድሮ ግን ቆሞ ይታጠቅ ጀመር። ሕመሙ ቀለል ሲለው ልቡም አብሮ ቀለለ፤ ወንበሩን ብቻውን ይገፋ፣ ስፖንጁን ብቻውን ይሸከም ጀመር። ሚስቱ ስትቆጣው «ታጥቄያለሁ» ይላታል።

ያን ሰሞን የያዘው ሥራ የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሶፋ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ርቀው የሚኖሩ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ስለሚመጡ፣ አሮጌው ሶፋቸው አዲስ ልብስ እንዲለብስላቸው ሰጥተዋል። በየቀኑ እየመጡ «አልደረሰም እንዴ ልጄ?» ይላሉ፣ ጨርቁን በእጃቸው ዳሰስ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ቀን ቆረጠላቸው። ከሰዓት በኋላ ፒካፕ ይዘው ሊመጡ ተስማሙ።

በዚያ ቀን ምሳ በልቶ ሲመለስ የቀረው ነገር የትልቁን ሶፋ ሆድ ዕቃ በጥቁር ጨርቅ መዝጋት ነበር። ለዚህ ሶፋው መገልበጥ አለበት። ሰው መጥራት ነበረበት፤ አልጠራም። ታጥቋላ! ጎንበስ ብሎ ሶፋውን ከሥሩ ያዘና ገለበጠው። ሶፋው ሲዞር ከቀበቶው ሥር አንድ ነገር እንደ እርጥብ ሳሙና ሙልጭ ሲል ተሰማው።

ምቾት ቀበቶውን አጠበቀው።

ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ አልነበረም፤ መጥቶ ቁጭ አለ። ቀበቶውን ላላ አድርጎ በስፖንጁ ክምር ላይ ተኛና በመዳፉ ጫነው። አልገባም። ቢዳስሰው እንደ በር እጀታ ጠንክሯል። ላብ አጠመቀው። ሐኪሟ ያለችው ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ግን ደግሞ ፒካፑ እየመጣ ነው፣ ቲቸር ልጆቻቸውን እየጠበቁ ነው። «ሶፋው ይሂድና ከዚያ እነግራታለሁ» ብሎ አሰበ። ቀበቶውን መልሶ አጠበቀና እየተንፏቀቀ ተነሳ።

ሚስቱ የመጨረሻውን ትራስ ልትሰፋ ገባች። ስትገባ አያት፤ ሳትጠይቀው በፊት እጁ ወደ ጣሳው ሄደ፣ ሚስማሩን አፉ ውስጥ ከተተ።

«ምነው ወዝህ ጠፋ?»

«እም።»

«ደከመህ?»

«እም‑እም።»

ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ትንሽ ሰፋች፤ ከዚያ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። አንድ ነገር ጎድሏታል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሚስማሩ አፉ ውስጥ አለ፣ የመዶሻው ድምፅ ግን የለም። ዞር ብላ አየች። መዶሻው ከእሱ ርቆ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እሱ በሁለት እጁ የሶፋውን እግር ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ደግሞ የሚያስቅ ሰው የለም።

ሄዳ መዳፏን ከአገጩ ሥር ዘረጋች። «ትፋ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«ትፋ አልኩህ!»

አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አወጣቸው።

«ገብቷል?»

«አልገባም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከምሳ በኋላ። ሶፋው ይሂድና…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ቁርጥራጩ ገንዳ ውስጥ አስመለሰ።

ሚስትየው አልጮኸችም። ሚስማሮቹን በአንድ እጇ እንደጨበጠች በሌላው መዶሻውን አንስታ ግድግዳውን ደበደበች። ወንድሟ መቀሱን እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ፤ ከኋላው ደግሞ አንገቱ ላይ ፎጣ የታሰረ፣ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ተከትሎት መጣ።

«ተከራዩ…» ብሎ ጀመረና የዋርሳውን ፊት ሲያይ አፉን ዘጋ።

ያኔ ነው ፒካፑ በር ላይ የቆመው። ቲቸር ከሹፌሩ አጠገብ ወረዱና ነገሩን ሁሉ በአንድ እይታ ተረዱት። ክፍል ውስጥ ረብሻ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አይደናገጡም።

«ሶፋውን ጫኑ» አሉ። «ከዚያ እሱን ላዩ ላይ አስተኙት።»

«ቲቸር፣ ጨርቁ አዲስ ነው» አለ ምቾት በቀጭን ድምፅ። «ላስመልስበት እችላለሁ።»

«እኔ የስንቱን ተማሪ ትውከት ያጠብኩ ሰው ነኝ ልጄ! ዝም ብለህ ተኛ።»

ሹፌሩና ያ ግማሽ ጢሙ የተላጨው ደንበኛ ሶፋውን አቃንተው ጫኑ። ምቾት በጎኑ ተጋደመ፣ ሚስቱ ከራስጌው ተቀመጠች፣ ዋርሳው ከግርጌው። ግማሽ ጢሙም መውረዱን ረስቶ አብሯቸው ሄደ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በመኪና የሚዞር ሰው በየቀኑ አይገኝማ። በየጉድጓዱ መኪናው ሲዘል ምቾት ጥርሱን ይነክሳል፣ ሚስቱ ትከሻውን ትይዛለች።

«ይገርምሻል» አለ በመሃሉ ዓይኑን ጨፍኖ። «የሠራሁት ሶፋ ላይ ተኝቼ አላውቅም ነበር። በዚህ በኩል ትንሽ ጠንክሯል።»

ማንም አልሳቀም። ዋርሳውም ቀልድ አልጨመረበትም። ሚስትየው ከሁሉ የፈራችው ይህን ነው።

ሐኪም ቤት ያገኙት ያችኑ ወጣት ሐኪም ነበር። ሸሚዙን ገለበችና ከፋዩን አየች።

«ይህ ምንድን ነው አባቴ?»

«ቀበቶ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ስፌቱ በጣም ያምራል» አለች እየፈታችው። «ግን አንጀትዎ ውጭ እያለ ነው በሩን የዘጉበት። ከዚህ በኋላ አያድርጉት።» ወዲያው ነርሶቹን ጠራች፤ አልጋው እየተገፋ ሄደ።

ሚስትየው ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ እጇን ሊይዝ ሲል ጭብጧ አልፈታ አለው። ጣቶቿን ቀስ ብሎ ሲከፍት ሚስማሮቹ እዚያው ናቸው፤ መዳፏን ወግተው አድምተውታል፣ እሷ አላወቀችም። ቲቸር ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው አሰሩላት።

ብዙ ቆይቶ ግማሽ ጢሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ። «ግን እኔን ማን ይጨርሰኛል?»

መጀመሪያ የሳቁት ቲቸር ናቸው። ከዚያ ሚስትየው እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ጥበቃው «ጸጥታ!» እያለ እስኪመጣ ድረስ ሳቁ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ነበር። «በጊዜ ደርሰንለታል» አለች። «አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። ማነቆውን ስንፈታለት ጠብቀን አየነው፤ ቀስ በቀስ ቀላ፣ መንቀሳቀስም ጀመረ። መቁረጥ አላስፈለገንም፤ ቀዳዳውን ሰፍተነዋል። ነገ ቢመጡ ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ።»

ሚስትየው የሐኪሟን ሁለት እጆች ይዛ ሳመቻቸው።

ምቾት ቤቱ ተመልሶ መኝታ ላይ በዋለበት ሰሞን ሳቅ እንደገና ተከለከለ። አሁን የሚወጣ ነገር የለም፣ ስፌቱ ነው የሚያመው። ሚስማሩንም ሚስቱ ደብቃበታለች። «ወንድሜ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳይል!» ብላ ነበር፤ ግን ወንድሟ ነውና ገበያ በሄደችበት ሰዓት ገባ።

«ዋርሳዬ፣ ቤቱ ተለቀቀ አሉ! ሰው አግኝቼልሃለሁ፣ ጨዋ ነው፣ ልጅ የለውም…»

ምቾት ትራሱን አንስቶ ስፌቱ ላይ ጫነ። አፉን ገጠመ። ላለመሳቅ ሲል በቀልዱ ፋንታ ሰውዬውን አየው፤ በዋርሳው ቀልድ ሲስቅ ኖረ እንጂ እንዲህ ትኩር ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ሲስቅ ወደ አንድ ጎን ዘመም ይላል። ግራ እጁ በሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ኪሱም ከብሽሽቱ ላይ ነው።

«አንተስ?» አለ ምቾት።

«እኔ ምን?»

«እጅህ ምን ይዟል?»

«ማበጠሪያ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

እጁን አወጣ። ባዶ ነው። «ጠፋብኛ! ለዚህ እኮ ነው የምፈልገው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

ምቾት አልሳቀለትም። «አንተስ ብዬሃለሁ» ሲል ደገመለት።

ፀጉር አስተካካዩ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ጫማውን አየ። «ከአምና ጀምሮ» አለ።

«ከአምና! ታዲያ ምነው ሳትናገር?»

«ፈራኋ። ቀን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው፤ ተኛ ካሉኝ ሱቁን ማን ይይዘዋል?» ባዶ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ። «ጠዋት ጠዋት ያንተን ስጠይቅህ ግን የኔንም የጠየቅሁ ይመስለኝ ነበር። "ገብቷል" ስትለኝ እኔም ቀለል ይለኛል።»

ምቾት ይህን ሲሰማ ስፌቱን እንደያዘ ሌላውን እጁን ዘርግቶ የዋርሳውን አንገት አቀፈ። ሚስትየው ከገበያ ስትመለስ እንደተቃቀፉ አገኘቻቸው። ቁጣዋን ልትጀምር ብላ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ጠየቀች፣ ነገሯት።

በማግስቱ ጠዋት የፀጉር ቤቱ በር ዝግ ነበር። እህትየው ወንድሟን እጁን ይዛ እንደ ሕፃን ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ መረመረችው፤ ገና ለስላሳ ነው፣ ሲተኛ ይገባል፣ ቢሆንም መሰፋት አለበት አለችው። «ስንደውል ይመጣሉ» ብላ ተራ አስያዘችው፣ መቼ ሳይደወልለት መምጣት እንዳለበትም ሁለት ጊዜ ነገረችው። እስካሁን አልተደወለለትም። እሱ መቆም ሲያመው ደንበኞቹን የሚያስተካክልበት ከፍ ያለ መቀመጫ ምቾት ሠርቶለታል፤ እህቱም ውሃውን ሰው እንዲቀዳለት አድርጋለች። እሱ አሁንም ይቀልዳል። እነሱም ይስቁለታል፣ ከሳቁ በኋላ ግን ሁልጊዜ አንዳቸው «ገባ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ወይም ሥራ ቦታችሁ ስትገቡ፣ ሁላችሁንም የሚያስቀውን ሰው ፈልጉልኝ። ቀልዱን ስሙለት፣ ሳቁለትም። ሳቁ በረድ ሲል ግን ጠጋ ብላችሁ «አንተስ ደህና ነህ?» በሉት። መጀመሪያ የሚሰጣችሁን መልስ አትመኑት። ደግማችሁ ጠይቁልኝ።